ስለ ዩኒቨርሲቲ አመራረጥና ስለ ምሕንድስና ተማሪ ኑሮ

ክረምት ሲገባ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተነ ታናሽ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ያለን ተማሪዎች እንደምናውቀው፣ ቡናው ገና ሳይፈላ የሚቀርብልን ጥያቄ «የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ልሙላ?» የሚል ነው። ጠያቂውም አብዛኛውን ጊዜ ኢንጂነር ለመሆን የሚያስብ ነው። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ምሕንድስና ለመምከር ምን አገባቸው የሚለን አይጠፋም። ዳሩ ግን ከምሕንድስና ተማሪዎች ጋር በአንድ ዶርም እያደርን፣ በአንድ የምግብ ሰልፍ እየቆምን የምንኖር ስለ ሆነ፣ መጽሐፋቸውን ባናነብ ኑሮአቸውን እናነባለን። ስለዚህ ለታናናሾቻችን የምንሰጠው ምክር «ስሙ የታወቀውን ሙላ» ከማለት የተሻለ ይሆን ዘንድ ይህን አቅርበናል።

በመጀመሪያ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። ተማሪው በቅጹ ላይ የሚሞላው የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በቅደም ተከተል ነው፤ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ሲቪል፣ መካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል የሚባለውን ክፍል የሚያገኘው ግን ከገባ በኋላ፣ የጋራውን ትምህርት ተምሮ፣ በነጥቡና ክፍሉ ባለው ቦታ ልክ ነው። ይህን ልብ ያለ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ማለት የትምህርት ክፍሎችን ዝርዝር መምረጥ መሆኑን ይረዳል። በግቢው ውስጥ የሌለ ክፍል በ4 ነጥብም አይገኝም። የሚያስገርመው ግን ብዙዎች ስለ ከተማው አየር፣ ስለ አውቶቡሱ ዋጋና ስለ ዘመድ ቅርበት ጠይቀው ሲያበቁ፣ ይህን ዝርዝር ሳያዩት ቅጹን መመለሳቸው ነው።

የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አመጣጥም ብዙ ይናገራል። በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጅ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሕንፃ ኮሌጁ ደግሞ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በ1947 ዓ.ም. ተቋቋመ። ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲመረቅ እነዚህ ኮሌጆች ሥራ ከጀመሩ ዓመታት ተቈጥረው ነበር። የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት ጨርቃ ጨርቅ ከትምህርቶቹ አንዱ ነበር፤ ከተማውም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተጀመረ። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ተቀምጦ ስለ መስኖ መማርና በሥዕል ብቻ አይቶ መማር እኩል አይደለም። እንግዲህ ውሃ ለሚወድ ልጅ አርባ ምንጭ ሩቅ ነው ብሎ የሚመክር ሰው የሚለካው የመንገዱን ርዝመት እንጂ የትምህርቱን ጥልቀት አይደለም። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት፣ በአዲስ አበባና በአዳማ ያሉት ሁለቱ፣ ተማሪ የሚቀበሉት በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ሆኖ ስለ ቆየ፣ እነሱን የሚያስብ ተማሪ የምዝገባውን ጊዜ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ወርክሾፑ ነው። በምረቃ መጽሔት ላይ ፎቶግራፉ የሚወጣው የሕንፃው ፊት ነው፤ ተማሪውን የሚያስተምረው ግን ከኋላ ያለው የብየዳና የማሽን ክፍል ነው። ስለዚህ በዚያ ግቢ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ተፈልጎ፣ ማሽኑን በእጅህ ነካኸው ወይስ በመስኮት አየኸው፣ የቀያሽ መሣሪያው ለስንት ተማሪ አንድ ነው ተብሎ ይጠየቅ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ገና ትምህርቱን አላየውም፤ የተመረቀው ደግሞ መከራውን ረስቶ ናፍቆቱን ነው የሚያወራው።

ወደ ኑሮው እንምጣ። የእኛ ትምህርት አራት ዓመት ሲሆን የእነሱ አምስት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂንና እንግሊዝኛን እንደ እኛው ይማራሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገዳችን ይለያያል። የኃይል ሚዛን የሚባለው ትምህርት ይመጣል፤ ድልድዩ ቆሞ ሳለ በውስጡ የሚገፋውንና የሚጎትተውን ሁሉ በቍጥር ማስረዳት ነው። እኛ ስለ አንድ ልብ ወለድ ሁለት የማይስማማ አሳብ ጽፈን ሁለታችንም ልናልፍ እንችላለን፤ ምሰሶው ግን ወይ ይሸከማል ወይ አይሸከምም። ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ፣ ማታ የላቦራቶሪው ሪፖርት፣ ቅዳሜ በአውቶካድ የሚሠራ ንድፍ አለ። መብራት በጠፋ ሌሊት የኮምፒዩተሩ ባትሪ ሳያልቅ ለመጨረስ የሚደረገውን ሩጫ ያየ ሰው ያዝናል። በአራተኛው ዓመት ገደማ በመሥሪያ ቤት ወይም በግንባታ ቦታ የሚውሉበት የልምምድ ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንዱ ሙያውን ያገኛል፣ አንዳንዱ ወረቀት ሲያባዛ ከርሞ ይመለሳል።

በዚህ ኑሮ ብቻውን የሚያጠና አይዘልቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእነሱ የተባለ ይመስላል፤ አንዱ የፈታውን ለሦስቱ ያስረዳል፣ ሲያስረዳም ስሕተቱን ያገኘዋል። (እኛም ይህን ልማድ ብንወስድ አይጎዳንም።)

አሁን ሰዎች ቀስ ብለው የሚናገሩትን ነገር እንናገር። ወደ ምሕንድስና የሚመጣው ልጅ በትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ግን ከአንደኞች መካከል ይቀመጣል። የመጀመሪያው ፈተና ከ30 ውስጥ 9 ሆኖ ሲመለስ፣ በዕድሜው እንዲህ ያለ ወረቀት አይቶ አያውቅምና ለማንም አይናገርም። አባቱ በስልክ «እንዴት ነው ኢንጂነሩ?» ሲሉት «ደኅና ነው» ይላል። ነጥቡ ወርዶ የተሰናበተ፣ ወራት ሙሉ ለቤተሰቡ ሳይናገር በከተማው የተንከራተተ ተማሪ ታሪክ በየግቢው ይወራል። የመረጠው እሱ ሳይሆን ሰፈሩ ሲሆን ሸክሙ እጥፍ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ከመቶ 70 የሚሆነው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲያዝ፣ ፍላጎቱ ሌላ የነበረ ብዙ ወጣት በዚያ በር ገብቷል። ዲግሪው ከተያዘ ሥራ በር ላይ ይጠብቃል የሚለው እምነትም የስንቱን ተመራቂ ቤት አሳዝኗል። ስለዚህ ታናሽ ወንድማችንን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ነጥቡ ሳይሆን፣ የተበላሸ ሬዲዮ ሲያይ እጁ ይሄዳል ወይ፣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ አልፈታ ሲለው ይተወዋል ወይስ ይዞት ያድራል የሚለውን ነው።

እንግሊዝኛውንም አይናቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ተደርጓል፤ ስሌቱን አውቆ ጥያቄውን ባለመረዳት የሚወድቅ አለ። የላቦራቶሪ ሪፖርታቸውን ይዘው ወደ እኛ ዶርም የሚመጡት ወዳጆቻችን ቍጥሩን አሳምረው፣ ቍጥሩ ምን እንደሚል በሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያቅታቸዋል። ነገ ለአንድ ቀበሌ ሕዝብ የውሃው መስመር በማን ማሳ እንደሚያልፍና ለምን እንደሚያልፍ ማስረዳት የሚገባውም ይኸው ሰው ነው።

ቅጹ የሚሞላበት ቀን ሲደርስ፣ በመጀመሪያው መስመር የሚፈልገው ክፍል ያለበትና ወርክሾፑ የሚሠራው ግቢ ይግባ። ከዚያ በታች ያሉትን መስመሮች በዘፈቀደ የሚሞሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ምርጫው ስለማይመደብ፣ እነሱም ቢሆኑ ዝርዝራቸው ታይቶ ይሞሉ።