ስድቡን ዝጉት፣ ጨዋታውን ቀጥሉ

የገና ሰሞን በላስታ ሜዳዎች ሩር ሲለጋ ያየ ሰው፣ በጨዋታ መሀል ስድብ መስማት ብርቁ አይደለም። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጠዋል፤ ሩጫው፣ ቁመናው፣ ስስቱ ሳይቀር ይነሳል። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን አይቆጣም የሚባለው ለዚህ ነው። ግን ተሳዳቢው የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ሽማግሌዎች ዳር ሆነው ያያሉ። ነገ ደግሞ ሰዳቢና ተሰዳቢ ገበያ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ልኩን ማንም ያውቃል፣ ቀኑ ሲያልፍም ነገሩ ያልፋል።

ዛሬ የላሊበላ ልጅ ማታ ስልኩን ይዞ ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር የተባሉትን የተኩስ ጨዋታዎች ሲከፍት የሚገጥመው ስድብ ሌላ ነው። አራት ሆነው ይሰለፋሉ፤ ሦስቱን በመልክ አያውቃቸውም። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ፒንጉ (የመዘግየቱ ልክ) ያሻቅባል፣ ልጁም ተኩሶ ሳይጨርስ ይሞታል። “ኑብ!” (ጀማሪ!) ይባላል። ቀጥሎ እናቱ ትሰደባለች፤ አነጋገሩ ከተለየ ደግሞ ብሔሩ ይነሳል። ሴት ከሆነች መሳሳትም አያስፈልጋት፣ ድምጿ መሰማቱ ብቻ ይበቃል። ማይኳን ዘግታ፣ የወንድ ስም አውጥታ የምትጫወት ስንት ጎበዝ ልጅ አለች! ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። ከዚያ ሁሉ ጥበቃ በኋላ የተገኘች አንድ የጨዋታ ሰዓት በማያውቁት ሰው አፍ ስትበላሽ ያንገበግበኛል።

“ጨዋታ እኮ ነው፣ ቻለው” የሚሏችሁን አትስሙ። የገናው ስድብ ልክ ነበረው፤ ይሄኛው የለውም። ልኩን የምታበጁለት እናንተ ናችሁ፣ መሣሪያውም እጃችሁ ላይ ነው።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ የሠራው ራዮት ጌምስ ተጫዋቾቹ ለምን እንደሚሰዳደቡ አጥንቶ ነበር። ጥናቱን የመራው ጄፍሪ ሊን እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳቀረበው፣ አብዛኛው ስድብ የሚመጣው ከለየላቸው ባለጌዎች ሳይሆን ያን ዕለት ከከፋቸው ተራ ተጫዋቾች ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። የሚጮህባችሁ ሰው ስለ እናንተ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የራሱን ቀን ነው የሚያወራው። ኩባንያው ከተጋጣሚ ቡድን ጋር የሚደረገውን የጽሑፍ ወሬ አስቀድሞ ዘግቶት፣ የፈለገ ራሱ እንዲከፍተው ባደረገ ጊዜ ደግሞ መጥፎው ንግግር ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሰው ማውራቱን አላቆመም፤ መልካሙ ንግግር እንዲያውም ጨመረ።

ስለዚህ ሚውት ማድረግ፣ ማለትም የተሳዳቢውን ድምፅ መዝጋት፣ ሽሽት አይደለም። የመጀመሪያዋ ስድብ እንደተሰማች ዝጉት፤ ሦስተኛዋን አትጠብቁ። መልስ አትስጡት፣ መልስ የጠማው ሰው በመልስ ነው የሚበረታው። ጨዋታው ሲያልቅ ሪፖርት አድርጉት። “ማሳበቅ አልወድም” የሚል ወጣት ብዙ ነው፤ ሆኖም እዚያው ራዮት ውስጥ እንደታየው፣ የተቀጣው ሰው በየትኛው ንግግሩ እንደተቀጣ በግልጽ ሲነገረው የሚታረመው ይበዛል። ሪፖርታችሁ ለእሱም ውለታ ነው።

ነገሩ ከጨዋታው ወጥቶ ቴሌግራማችሁ ድረስ ከተከተላችሁ፣ “የት እንዳለህ አውቃለሁ” ማለት ከመጣ፣ ያኔ ብቻችሁን አትያዙት። ስክሪንሾት አንሱ፣ ምንም ሳታጠፉ ለእናት፣ ለአባት ወይም ለምታምኑት ታላቅ አሳዩ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት ከባድ አደጋ አደርሳለሁ ብሎ ማስፈራራትን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። መልእክት እየደጋገሙ ሰውን ፍርሃትና ጭንቀት ውስጥ መክተትንም እስከ አምስት ዓመት። ስልክም ኮምፒዩተር ነው፣ ሕጉ ከኪሳችሁ አይርቅም።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሌላው ሰው አፍ ነው። የእናንተስ? ጓደኛችሁ በኔትወርክ መንቀራፈፍ ሲሞት ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ምንድን ነው? “አይዞህ፣ አነሳሃለሁ” የሚል ተጫዋች ያለበት ቡድን እስከ መጨረሻው ይዋጋል፤ የሚሰዳደብ ቡድን ግን ጠላት ሳያገኘው ተበትኗል። ይህን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ፈጣን ኔትወርክም ውድ ስልክም አይጠይቅም።

በቡድናችሁ ውስጥ አንዲት ልጅ ማይኳን ከፍታ “ከኋላ እየመጡ ነው” ስትል፣ አንዱ ቢዘልፋት፣ እሷ እንድትመልስ አትጠብቁ። “ተው፣ ጨዋታችንን እንጫወት” በሉት። ካልተወ እናንተም እሷም ሪፖርት አድርጉትና ለሚቀጥለው ዙር ከላሊበላም ይሁን ከወልድያ ሌላ አራተኛ ሰው ጋብዛችሁ ከእሷ ጋር ግቡ።