የጫካው ቡናና ጠባቂዎቹ

በዚህ እትም የምናጠናው ርዕስ «የጋራ ሀብትን በፈቃድ መጠበቅ» የሚል ነው። ምሳሌ የምናደርገውም ከሩቅ አገር የተገኘ ሳይሆን፣ በጅማ ዞን በጌራና በሸቤ ሶምቦ ወረዳዎች የሚገኘውን የበለጠ-ጌራን ደን ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይኸውም ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ጫካ የሚጠብቀው ስለ ምንድን ነው?

፩. ደኑ ለምን ይጠበቃል?

ዓለም ሁሉ የሚጠጣው ዓረቢካ የተባለው ቡና የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። በጌራም፣ በከፋም፣ በያዩም ቡና ማንም ሳይተክለው በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ዛሬም ይበቅላል። ይህን ስንሰማ ለኩራት ብቻ የሚጠቅም ወሬ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን እሸት በዛፉ ላይ እንዳለ የሚያጠቁር በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ ብዙ ገበሬ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በመልኮ የሚገኘው የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ከዚያው ከጫካው ቡና ነበር። በሽታው ሲበረታ ሳይበገሩ የቆሙትን ዛፎች እየመረጡ ዘራቸውን አባዙ። ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከመቱ አካባቢ የተገኙ ሲሆኑ፣ መነሻው 74 የተመረጡበትን ዓመት 1974ን ያመለክታል። እንግዲህ ጫካው የዘር ጎተራችን ነው። ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ መፍትሔው የሚፈለገው ከዚሁ ጎተራ ነው፤ ጎተራው ባዶ ከሆነ ግን ከየት እናመጣለን?

፪. የሚጠብቀውስ ማን ነው?

በቀድሞው አሠራር ደን የመንግሥት፣ ጠባቂውም ቅጥረኛ ዘበኛ ነበር። ከ100,000 ሄክታር በላይ የሚሰፋን ጫካ ግን ጥቂት ዘበኞች ሊያዳርሱት አይችሉም። ከጫካው ቡና የሚለቅመውና በዛፉ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ጎረቤትም እንደ ሌባ ሲታይ ኖረ። የኔ ያላለውን ነገር ደግሞ ማን ይጠብቃል?

እ.ኤ.አ. በ2003 በኦሮሚያ ክልልና በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ድጋፍ በበለጠ-ጌራ ሌላ መንገድ ተጀመረ። በየመንደሩ የደን ማኅበር ተቋቋመ፤ በኦሮምኛ «ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና» ይባላል፣ የደን አስተዳደር ማኅበር ማለት ነው። አባላቱ የደናቸውን ወሰን እየዞሩ ይለያሉ፣ በውስጡ ያለውን ይመዘግባሉ፣ የአጠቃቀም ሕግ ያወጣሉ፣ ከመንግሥት ጋርም ይዋዋላሉ። በውሉ መሠረት ቡናውን ይለቅማሉ፣ ማሩን ይቆርጣሉ፤ በምትኩ ደኑ እንዳይመነጠር ይጠብቃሉ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2007 የደኑ ቡና «ሬይንፎሬስት አሊያንስ» ከተባለው ድርጅት ምስክር ወረቀት አግኝቶ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ የሚያገኝበት በር ተከፈተ። በአጎራባቹ በቦንጋም ይህን የመሰለ የጋራ ጥበቃ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ተሞክሯል። የከፋና የያዩ ደኖችም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በጎ ፈቃድ ማለት ባዶ እጅን ማገልገል ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰው የሚጠቅመውን ነገር፣ መብቱም ኃላፊነቱም ሲታወቅለት፣ ሳይገፉት ይጠብቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። በደቦ አብረው የሚያርሱ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጫካውንም አብረው ቢጠብቁ የሚያስደንቅ አይደለም።

፫. ዓይን የማያየው ጉዳት

ነገር ግን መጥረቢያን መከልከል ብቻውን ደንን አያድንም። ቡና ለቃሚው ለሥራው እንዲመቸው በየዓመቱ ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል። ከቁጥቋጦው ጋር የቀረሮው፣ የዋንዛው፣ የጥቁር እንጨቱ ቡቃያም አብሮ ይታጨዳል። ትላልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ደኑ ሙሉ ይመስላል፤ ሽማግሌዎቹ ሲወድቁ ግን የሚተካቸው ልጅ የለም። ልጆች የሌሉበት ቤት ሰላም ቢመስልም ነገው እንደሚያሳስብ ሁሉ፣ ቡቃያ የሌለበት ጫካም እንዲሁ ነው።

በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የተደረገውን እዚህ ላይ እናስታውስ። ምእመናኑ ከእርሻቸው ድንጋይ እየለቀሙ የቤተ ክርስቲያኑን ደን በካብ አጠሩ። ከብት መግባቱን ሲያቆም ቡቃያው የማደግ ዕድል አገኘ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

፬. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲሠራባትና እንዲጠብቃት መሆኑን ከኦሪት ዘፍጥረት ተምረናል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ የምንኖር ወጣቶች የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ማድረግ እንችላለን።

ሀ) ቤተሰቦቻችን የቡና መሬት ሲመነጥሩ አብረን ወጥተን የአገር በቀል ዛፎችን ቡቃያ በእንጨት ምልክት እናድርግባቸው፤ ማጭድ እንዲያልፋቸው ሽማግሌዎችን በትሕትና እንለምን።

ለ) በክረምት ችግኝ ስንተክል የተከልነውን እንቁጠር፤ በበጋም ተመልሰን የጸደቀውን እንቁጠር። መመዝገብ የሚገባው የሁለተኛው ቁጥር ነው።

ሐ) የከተማ ልጆች የሆንን ደግሞ የአዌቱን ወንዝ ዳር እናጽዳ። በጅማ መካከል የሚያልፈው ይህ ወንዝ ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳልና፣ እዚህ የተጣለ ቆሻሻ እታች ያለውን ውኃ ያበላሻል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ የጋራ የሆነ፣ ግን ማንም የኔ የማይለው ነገር ምንድን ነው? የሚጠቀሙበትስ እነማን ናቸው?
2. ጥቅም ያለበት አገልግሎት በጎ ፈቃድ ሊባል ይችላልን? ምክንያታችሁን አስረዱ።
3. በቅርባችሁ ባለው የቡና ጥላ ሥር ገብታችሁ የዛፍ ቡቃያዎችን ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ለሚቀጥለው ጉባኤ ይዛችሁ ቅረቡ።