«እኔ»ን ማስወገድ ገለልተኝነት ነውን? የግል ትረካና ሚዛናዊ አጻጻፍ በኢትዮጵያ ሙዚቃ የዊኪ መጣጥፎች

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጥናት ፈቃደኛ ጸሐፊዎች በጋራ በሚያዘጋጇቸውና በሚያርሟቸው የሙዚቃ ዊኪዎች ላይ የግል ትረካና ገለልተኛ አጻጻፍ እንዴት ሊጣጣሙ እንደሚችሉ ይመረምራል። ለማሳያነት የተመረጠው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ፣ በተለይም የሸክላ ኅትመት የጎላበት ዘመን ነው። የጥናቱ መከራከሪያ ገለልተኝነት የተናጋሪውን ድምፅ በማጥፋት አይገኝም የሚል ነው። ተናጋሪው ሲሰወር አስተያየቱ አብሮት አይሰወርም፤ ይልቁንም ባለቤት አልባ ሆኖ የተረጋገጠ እውነት ይመስላል። በመሆኑም ጥናቱ የግል ትረካ ከነባለቤቱ፣ ከነዘመኑና ከነወሰኑ ተለይቶ ሊቀመጥ እንደሚገባ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዊኪ፣ ገለልተኛ አመለካከት፣ የግል ትረካ፣ የቃል ምስክርነት፣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ

1. መግቢያ

ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ብዕሩን የሚያነሣው ስለሚወድደው ነገር ለመመስከር ነው። አንድ ዘፈን ያደገበትን ሰፈር፣ የወላጆቹን ቤት፣ የመጀመሪያ ፍቅሩን ወይም የስደት ዘመኑን ያስታውሰዋል። ይህ ጸሐፊ ወደ ዊኪ ሲመጣ «ስሜትህን ተውና መረጃውን አቅርብ» የሚል መመሪያ ይጠብቀዋል። መመሪያው ትክክለኛ ዓላማ ቢኖረውም፣ አተገባበሩ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። አንደኛው ሌላ የጽሑፍ ምንጭ የሌለው ምስክርነት ተሰርዞ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ምስክርነቱ ባለቤቱን ብቻ ተነጥቆ፣ በይዘቱ ግን ሳይለወጥ፣ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ መቀመጡ ነው።

ይህ ጽሑፍ በሁለተኛው ጉዳት ላይ ያተኩራል፤ ምክንያቱም በቀላሉ አይታይም። ትንተናው የሚመሠረተው በዊኪፔዲያ መርሖች ንባብና ለማሳያ ብቻ በተዘጋጀ አንድ አንቀጽ ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ፣ የቀሩት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. መርሑ የሚለውና የማይለው

በ2001 የተመሠረተው ዊኪፔዲያ የይዘት ሥራው በሦስት ዋና ዋና መርሖች ይመራል። እነዚህም ገለልተኛ አመለካከት፣ መረጃ በታተመ ምንጭ የሚረጋገጥ መሆኑ፣ እንዲሁም ጸሐፊው የራሱን አዲስ ጥናት አለማቅረቡ ናቸው። ብዙ የሙዚቃ ዊኪዎችም እነዚህን መርሖች እንዳሉ ወይም አሻሽለው ይከተላሉ።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚተረጎመው የመጀመሪያው ነው። ገለልተኛ አመለካከት ማለት በመጣጥፉ ውስጥ አስተያየት አይኑር ማለት አይደለም። መርሑ የሚጠይቀው አስተያየት የማን እንደሆነ ተገልጾ፣ በታመኑ ምንጮች ውስጥ ባለው ክብደት መጠን እንዲቀርብ፣ መጣጥፉ ራሱ ግን ወገን እንዳይዝ ነው። «ይህ አልበም ድንቅ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የመጣጥፉ ፍርድ ነው። አንድ ሐያሲ በስም ተጠቅሶ፣ አልበሙን ለምን እንዳደነቀው ሲገለጽ ግን ጉዳዩ ስለ ሐያሲው የሚነገር መረጃ ይሆናል። ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ፈቃድ አለ። አንድ ሙዚቀኛ ስለ ራሱ የሰጠው ቃል፣ ራሱን ከልክ በላይ የሚያሞግስ ወይም ስለ ሌሎች ሰዎች የሚናገር እስካልሆነ ድረስ፣ በወሰን ሊጠቀስ ይችላል።

ስለዚህ «እኔ» የሚለው ተውላጠ ስም ከመጣጥፉ አካል እንዲወጣ መደረጉ የሰው ምስክርነት ሁሉ ይውጣ ማለት አይደለም። መርሑ የሚጠይቀው «እኔ» ወደ «እገሌ» እንዲለወጥ ነው።

3. ትዝታ እንደ ምንጭ

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ የሚከብደው የጽሑፍ መዛግብቱ ቀጭን በመሆናቸው ነው። አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር በብቸኝነት ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 በግላቸው አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው እስከ 1975 ድረስ በርካታ ሸክላዎችን አወጡ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት በውጭ አገር ስለነበር፣ ዘፈኑ በመድረክ የተዘፈነበት፣ ድምፁ የተቀረጸበትና ሸክላው ለገበያ የበቃበት ጊዜ የግድ አንድ አይደለም። ሸክላን የተካው ካሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት እንኳ አልተጻፈበትም። ማን ዜማውን ደረሰ፣ ማን ግጥሙን ጻፈ፣ በየትኛው ምሽት ማን ሳክስፎን ነፋ የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው በሰዎች አእምሮ ውስጥ ነው የኖረው።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ እያለፉ ነው። የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ በ2016፣ አምሃ እሸቴና ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ በ2021፣ ፒያኖ ተጫዋቿና የዜማ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 አርፈዋል። ከእያንዳንዳቸው ጋር በሌላ ምንጭ ሊተካ የማይችል ምስክርነት አብሮ ሄዷል።

በዚህ ላይ አንድ ያልተመጣጠነ አሠራር ይታያል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ያሳተሟቸው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች ከሙዚቃው ጋር የማብራሪያ ጽሑፍ ይዘው ወጥተዋል። እነዚህ ጽሑፎች ለሙዚቃ ታሪኩ ትልቅ ባለውለታ ናቸው፤ የተመሠረቱትም ከሙዚቀኞች ጋር በተደረጉ ንግግሮች ላይ ጭምር ነው። ታትመው ስለወጡ በዊኪ መጣጥፎች ይጠቀሳሉ። አንድ ሙዚቀኛ ተመሳሳይ ነገር በአዲስ አበባ ለቤተሰቡ ቢያወራው ግን ቃሉ «ምንጭ የሌለው» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትዝታው ጥራት አይደለም፤ አንደኛው በሌላ ሰው ተጠይቆ፣ ተመዝግቦና ታትሞ ለምርመራ መቅረቡ ነው። ይህ ልዩነት ትርጉም የለሽ አይደለም። የሚያስተምረውም የጎደለው ነገር የምስክርነቱ ዋጋ ሳይሆን የምዝገባው ሥራ መሆኑን ነው።

4. «ይባላል» እና የተናጋሪው መሰወር

አማርኛ ተናጋሪን ለመሰወር የሚያመቹ ግሦች በብዛት አሉት። «ይባላል»፣ «ይነገራል»፣ «ይታመናል»፣ «ይታወቃል» የሚሉት ግሦች ዓረፍተ ነገሩን የጥናት መልክ ይሰጡታል። አንባቢ «ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መልስ አያገኝም። በጨዋታ ላይ «ይባላል» ማለት ትሕትና ነው፤ ተናጋሪው ራሱን ዋስ እንደማያደርግ ያሳውቃል። በመዝገበ ዕውቀት ላይ ግን ተግባሩ ይገለበጣል። የአንድን ሰው ግምት የብዙኃን ዕውቀት ያስመስለዋል።

የማዕርግ ቅጽሎችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። «አንጋፋው»፣ «ተወዳጁ»፣ «ዝነኛው»፣ «የምንጊዜም ምርጡ» የሚሉት ቃላት በሬዲዮ ዝግጅት መግቢያ ላይ የክብር ሰላምታ ናቸው፤ በመጣጥፍ መክፈቻ ላይ ግን ያለ ማስረጃ የተሰጡ ፍርዶች ይሆናሉ። የአንቱታ ጉዳይም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። አንዱን ድምፃዊ «ተወለዱ»፣ ሌላውን «ተወለደ» ብሎ መጻፍ በአማርኛ የክብር ደረጃ መስጠት ነው። ዊኪው ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጥ፣ ለሁሉም በአንድ ሥርዓት ሊጠቀምበት ይገባል። ከዚህ የምንረዳው አንደኛ መደብን ማስወገድ ብቻውን ጽሑፍን ገለልተኛ እንደማያደርገው ነው።

5. የአንድ አንቀጽ ሦስት መልክ

ነጥቡን በተግባር ለማየት የሚከተለውን፣ ለዚህ ጥናት የተዘጋጀ አንቀጽ እንመልከት።

የመጀመሪያው መልክ፦ «በ1965 ዓ.ም. ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ ሆቴል ገብቼ ይህን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘፍን ሰማሁት። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ድምፅ በአገራችን ተሰምቶ አያውቅም።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ክብደታቸው የተለያየ አራት ነገሮች ተቀላቅለዋል። ተናጋሪው በተወሰነ ዘመንና ቦታ መገኘቱ፣ ዘፈኑን መስማቱ፣ ስለ ታዳሚው ስሜት ያየው ነገርና ስለ ድምፁ የሰጠው ፍርድ ናቸው።

ሁለተኛው መልክ፦ «ዘፈኑ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘፈነ ሲሆን ታዳሚውን እንዳስለቀሰ ይነገራል። ድምፃዊው በአገሪቱ አቻ የሌለው እንደሆነ ይታመናል።»

ይህ መልክ «እኔ» ስለሌለበት ገለልተኛ ይመስላል። ሆኖም ከመጀመሪያው የባሰ ሆኗል። አንደኛ፣ ተናጋሪው «ለመጀመሪያ ጊዜ» ያለው እርሱ የሰማበትን ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሰሚው ሲወጣ ግን ሐረጉ የዘፈኑን ልደት የሚገልጽ ታሪካዊ መረጃ ሆነ። ሁለተኛ፣ «ዓ.ም.» የሚለው ምልክት ወድቋል። 1965 ዓ.ም. ከሴፕቴምበር 1972 እስከ ሴፕቴምበር 1973 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ምልክቱ ሲቀር የውጭ አገር አንባቢ ዘፈኑን ከአምሃ እሸቴ የመጀመሪያ ሸክላ በአራት ዓመት ያስቀድመዋል፤ ያለ አግባብም የዘመኑ ፈር ቀዳጅ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ የአንድ አድማጭ አድናቆት የአገር እምነት ሆኗል።

ሦስተኛው መልክ፦ «በዘመኑ የነበሩ አንድ አድማጭ በተመዘገበ ቃለ ምልልስ እንደገለጹት፣ ዘፈኑን በመጀመሪያ የሰሙት በ1965 ዓ.ም. (1972/73) በአንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ታዳሚውም ሲያለቅስ ማየታቸውን ያስታውሳሉ። በሸክላው ላይ የተጻፈው የኅትመት ዓመት 1973 ነው።»

በዚህ መልክ ትረካው አልሞተም፤ የሰማው ሰው፣ ሆቴሉና ዕንባው በስፍራቸው አሉ። የቀረው የማወዳደር ፍርዱ ብቻ ነው። ከትዝታው ጎን የቁስ ማስረጃ በመቀመጡም አንባቢ ሁለቱ እንደማይጋጩ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። ቃለ ምልልሱ በይፋ ካልተቀመጠ ግን ይህ መልክም በዊኪፔዲያ ሊጸና አይችልም። በመሆኑም የጸሐፊው የመጀመሪያ ሥራ ምስክርነቱን ሌሎች በሚያገኙት ስፍራ ማስመዝገብ ነው።

6. ለትረካ የሚሆን ስፍራ

ሁለቱን አጻጻፎች በአንድ ገጽ ከማደባለቅ ይልቅ ለእያንዳንዱ ስፍራ መስጠት የቆየ የምሁራን ልማድ ነው። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የቤተ እስራኤልን የሥርዓተ አምልኮ ዜማ የመረመረውን የጥናት መጽሐፋቸውን በ1986 አሳተሙ። በአብዮቱ ዋዜማና መባቻ በኢትዮጵያ ያሳለፉትን የግል ሕይወት ደግሞ በ1991 በወጣ ሌላ መጽሐፍ ተረኩ። ሁለተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያውን አያዳክመውም፤ ጥናቱ በምን ሁኔታ እንደተሠራ ስለሚገልጽ አንባቢው መጠኑን እንዲያውቅ ይረዳዋል።

ዊኪዎችም ተመሳሳይ ክፍልፋይ አላቸው። ሙዚክብሬንዝ በተባለው የጋራ የሙዚቃ መረጃ ቋት ውስጥ መረጃን የሚጨምር ሰው ከለውጡ ጋር ማስታወሻ መጻፍ ይችላል። ሸክላው በእጁ መኖሩን፣ ስሙን ከየት እንዳነበበው በአንደኛ መደብ የሚያስረዳው በዚያ ነው። በዊኪፔዲያ ደግሞ ለእያንዳንዱ መጣጥፍ የውይይት ገጽ አለው። በዚያ የሚጻፍ ትዝታ ምንጭ ባይሆንም ለሌሎች ጸሐፊዎች የት መፈለግ እንዳለባቸው ሊጠቁም ይችላል።

ከዚህ ገፍቶ የሄደ ሙከራም አለ። በ2011 አቻል ፕራባላ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነቶችን በድምፅ ቀርጾ ለዊኪፔዲያ ዋቢ የማድረግ ፕሮጀክት መርተዋል። አሠራሩ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አጠቃላይ ተቀባይነት አላገኘም። ተቃውሞው ከ«አዲስ ጥናት» ክልከላ ጋር የተያያዘ ስለነበር መናቅ የለበትም፤ ጠያቂው ራሱ የመጣጥፉ ጸሐፊ ሲሆን ምስክርነቱን የሚመረምር ሦስተኛ ወገን አይኖርምና። ጥያቄውን ከዊኪ ውጭ ያሉ ቤተ መዛግብትና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቢይዙት ግን ይህ ክፍተት ይጠባል።

7. ማጠቃለያና አስተያየት

በአገራችን «ትዝታ» የቅኝት ስም፣ የዘፈን ዓይነት ስም፣ የማስታወስም ስም ነው። ስለዚህ ሙዚቃ የሚጻፍ መጣጥፍ ትዝታን ጨርሶ ቢያስወጣ፣ ከርእሰ ጉዳዩ ከፊሉን ያስወጣል። ትዝታን ያለ ባለቤት ቢያስገባ ደግሞ ታሪክን ያዛባል። ከትንተናው በመነሣት የሚከተሉት አስተያየቶች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ጸሐፊው በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «ይህን ያለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። «ይባላል» የሚለው ግሥ በስም ሊተካ ካልቻለ ዓረፍተ ነገሩ ከመጣጥፉ ይውጣ። ሁለተኛ፣ መስማት፣ መገኘት፣ መገመትና መፍረድ ተለይተው ይጻፉ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ዓመት ከነአቆጣጠሩ ይቀመጥ፤ ምስክሩ የተናገረው ዓመት ሳይለወጥ ተጽፎ፣ ምንዛሪው በቅንፍ ይጨመር። አራተኛ፣ ጸሐፊው የሙዚቀኛው ዘመድ፣ ወዳጅ ወይም የሥራ ባልደረባ ከሆነ ይህንኑ በውይይት ገጹ ይግለጽ። አምስተኛ፣ የሙዚቃ፣ የታሪክና የፎክሎር ተመራማሪዎች የሚያደርጓቸውን ቃለ ምልልሶች፣ ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስፍራ ያስቀምጡ።

ከእነዚህ ሁሉ አስቸኳዩ አምስተኛው ነው። አንድ መጣጥፍ ዛሬ በስሕተት ቢጻፍ ነገ ሊታረም ይችላል፤ ሳይጠየቅ ያለፈ ምስክር ግን ዳግመኛ አይጠየቅም።