ትምህርት፦ በኩፓት ሆሊም ተራ ስንጠብቅ



ወደ እስራኤል ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ደጋግማችሁ የምትሰሙት አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ቶር» ነው። ቶር ማለት ተራ፣ ወረፋ ወይም ቀጠሮ ማለት ነው። በባንክ ቶር አለ፣ በፖስታ ቤት ቶር አለ፣ በኩፓት ሆሊምም ቶር አለ። ከሁሉ የሚከብደው የኩፓት ሆሊሙ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ወይ ራሱ ታሟል፣ ወይ የታመመ ልጅ ታቅፏል። በዚህ ትምህርት ጥበቃው ለምን እንደሚረዝም፣ መቼ መታገሥ፣ መቼስ መናገር እንደሚገባ እንመለከታለን።

የአንዲት እናት ምሳሌ

በረሆቮት ከተማ በክፋር ማርሞሬክ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል፤ ስሟንም አልማዝ እንበላት። ልጇ ትኩሳት ይዞታል። ቶር የተሰጣት በ9፡30 ነው። አልማዝ በጊዜ መጥታ ተቀመጠች። ጸሐፊዋ «መኮንን! መኮንን!» ብላ ተጣራች። አልማዝ አንድ አዛውንት የተጠሩ መሰላት እንጂ እርሷን ነው ብላ አላሰበችም። መኮንን አያቷ ናቸው፤ በመታወቂያዋ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የእርሳቸው ስም ነው። ከእርሷ በኋላ የመጡት ሁሉ ገብተው ወጡ። «ንቀውኝ ነው» ብላ አዘነች፤ ሆኖም ሰው ፊት መጮህ ነውር ስለመሰላት ዝም አለች። እኩለ ቀን ሲሆን ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሌሊት ትኩሳቱ ስለጨመረ ልጁ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ።

አልማዝ ጨዋ ናት። ጥፋቷም ጨዋነቷ አይደለም። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተነሥታ «ስሜ በዝርዝሩ ላይ አለ ወይ?» ብላ መጠየቅ ነበረባት። በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉትም አባቶቻችን ናቸው። በሐኪም ቤት የሚያስፈልገን ሁለተኛው ምሳሌ ነው።

ጥበቃው ለምን ይረዝማል?

1. የቶሩ ሰዓት ግምት ነው። ሐኪሙ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ጥቂት ደቂቃዎች ይመደብለታል። አንዱ ሕመሙ ከበድ ያለ እንደሆነ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይዘገያሉ።

2. «ራክ ሼኤላ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ትርጉሙ «ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» ማለት ነው። እንዲህ እያሉ ያለተራቸው የሚገቡ በዚህ አገር ጥቂቶች አይደሉም። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥማችሁ «አሁን የእኔ ተራ ነው» ብላችሁ በረጋ ድምፅ መናገር ነውር አይደለም።

3. በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል፣ «ሚዩን» በሚባለው፣ ተራ የሚሰጠው በአመጣጥ ቅደም ተከተል አይደለም፤ በሕመሙ ክብደት ነው። በ1953 በተከፈተው በረሆቮቱ የካፕላን ሆስፒታልም ቢሆን አሠራሩ ይኸው ነው። ከእናንተ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሟችሁ ቢገባ ሕይወቱ ያሰጋ ይሆናል።

4. የልዩ ሐኪም ቶር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። በሌላ ቅርንጫፍ ወይም በአጎራባች ከተማ ቅርብ ቶር እንዳለ ጠይቁ። የቤተሰብ ሐኪማችሁም ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ በሪፖርቱ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ስለ ሰዓት ማስጠንቀቂያ

በዚህ አገር 9፡30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። «ዘጠኝ ተኩል» ብሎ ከሰዓት በኋላ የሚሄድ ሰው ቶሩን ያጣል። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት አስጽፉ። ማንበብ የሚቸግራችሁ ጎረቤት ጠይቁ። ክፋር ማርሞሬክን በ1930 የመሠረቱት ከየመን የመጡ አይሁድ ናቸውና፣ በሰፈሩ ያሉ ብዙ ሽማግሌዎች አዲስ ገቢ መሆን ምን እንደሆነ ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። መሄድ ካልቻላችሁ አስቀድማችሁ ቶሩን ሰርዙ፤ ሌላ በሽተኛ ይገባበታል።

መብታችሁ ምንድን ነው?

ከጥር 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የብሔራዊ የጤና መድን ሕግ ኩፓት ሆሊም አገልግሎቱን በተገቢ ጥራት፣ በተገቢ ጊዜና ከመኖሪያችሁ በተገቢ ርቀት እንዲሰጥ ያዝዛል። በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ ደግሞ ሐኪሙ ሕመማችሁንና ሕክምናውን በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዳችሁ ያስገድደዋል። በ2011 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያም የጤና ተቋማት የቋንቋ እርዳታ እንዲያዘጋጁ ያዝዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ትንሹን ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙት፤ ልጅ የወላጁን ሕመም መሸከም የለበትም።

በደል ደርሶብናል ብላችሁ ካመናችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሆነውን ጻፉ። መጀመሪያ ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ቀጥሎ ለኩፓት ሆሊሙ የአቤቱታ ክፍል አቅርቡ። መልስ ካላገኛችሁ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የብሔራዊ የጤና መድን ሕግ የአቤቱታ ኮሚሽነር አለ።

መጠበቅ የማይገባበት ጊዜ

የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ብዙ ደም መፍሰስ ወይም የሕፃን መፍዘዝ ሲኖር ተራ አይጠበቅም። ክሊኒክ ውስጥ ከሆናችሁ ወዲያውኑ ለነርሷ ተናገሩ። ቤት ከሆናችሁ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ።

የሚጠኑ ዓረፍተ ነገሮች

«ማታይ ሃቶር ሼሊ?» — ተራዬ መቼ ነው?
«ካማ አናሺም ሌፋናይ?» — ከፊቴ ስንት ሰው አለ?
«ሎ ሄቫንቲ፣ በቫካሻ ሌአት» — አልገባኝም፣ እባክዎን በዝግታ።
«ሃየሌድ ማርጊሽ ዮቴር ጋሩዓ» — ልጁ ብሶበታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመታወቂያችሁ ላይ የተጻፈው የቤተሰብ ስም የማን ነው? ጮክ ብሎ ሲጠራ ሁሉም የቤተሰባችሁ አባል ያውቀዋልን?
2. በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል በዚህ አገር ስንት ነው?
3. አልማዝ ስሟ እንዳልተጠራ ሲሰማት ማንን፣ በምን ቃል መጠየቅ ነበረባት? ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንዳችሁ ጸሐፊ፣ አንዳችሁ አልማዝ በመሆን ተለማመዱ።