የቤት ኮምፒዩተርን ስለ ማጥበቅና ስለ ማላላት

ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ እንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሥርዐቱ ያለ ክፍያ የሚገኝና ባረጀ ላፕቶፕ ላይም የሚሠራ ስለ ሆነ ለተማሪ ኪስ ይስማማል። ነገር ግን በዓባይ ማዶ የኪራይ ቤቶች አንዱን ኮምፒዩተር ሦስትና አራት ሰው ይጋራዋል፤ ፍላሽ ዲስኩም ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቤት ይመላለሳል። የመመረቂያ ጽሑፋችንም ያለው በዚሁ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥበቃው ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ጥበቃ ማለት ቁልፍ ማብዛት አይደለም። ለሚያሰጋን ነገር የሚበቃውን መርጦ፣ አከፋፈቱንም አስቀድሞ ማወቅ ነው። ሥራውን በሦስት እንከፍለዋለን።

አንደኛ፤ መዘጋጀት። ጽሑፋችንን በውጭ ዲስክ እንገልብጥ። የምንለውጠውን ፋይል ሁሉ ቅጂ እናስቀር። በወረቀት ደብተር ላይ ቀኑን፣ የለወጥነውንና መመለሻውን እንጻፍ፤ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ሲል በውስጡ ያለ ማስታወሻ አይነበብምና። ማስነሻ ፍላሽም ቀደም ብሎ ይዘጋጅ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንደ ታየው፣ «ሲበላሽ አውርደን እንጠግነዋለን» ማለት ሁልጊዜ አያዋጣም።

ሁለተኛ፤ ማጥበቅ። ማሻሻያዎችን በጊዜው መጫን፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን መግቢያና የይለፍ ቃል መስጠት፣ የአስተዳዳሪነቱን ሥልጣን ለሚገባው ብቻ መተው ይቀድማል። ኡቡንቱ ፋየርዎል ይዞ ቢመጣም ካላበሩት አይሠራም፤ ሲበራ ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት ይከለክላል፤ ከውስጥ የሚወጣውን ያሳልፋል። ከርቀት መግቢያው የማያስፈልገን ከሆነ ይዘጋ። የከርነሉን ጠባይ የሚለውጡ ትእዛዞች ዋናው ፋይል ሳይነካ በሌላ ፋይል ለብቻቸው ይጻፉ።

ሦስተኛ፤ ማላላት። አንድ ነገር እንቢ ሲለን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አንፍታ። ከመጨረሻው ለውጥ ጀምረን አንዱን መልሰን እንሞክር፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እንለፍ። በኔትዎርክ የተያያዘው ማተሚያ ቢጠፋብን ለእርሱ ብቻ በር እንከፍታለን እንጂ ፋየርዎሉን አናጠፋም። ለብቻው የጻፍነውን የከርነል ፋይል አንሥተን ኮምፒዩተሩን ብናስነሣ የቀድሞው ጠባይ ይመለሳል።

መመለሻ የሌለውም አለ። በአንድ ትእዛዝ የብዙ ሥርዐት ፋይሎችን ፈቃድ የለወጠ ሰው፣ የቀድሞው ፈቃድ የትም ስላልተመዘገበ፣ ብዙ ጊዜ እንደገና ከመጫን ሌላ መንገድ የለውም። ዲስኩን መስጥሮ የይለፍ ቃሉን የረሳም ሌላ ቅጂ ከሌለው ጽሑፉን አጣ ማለት ነው። ለሚሰረቅ ላፕቶፕ ምስጠራ ታላቅ መከታ ነው፤ ቃሉ ሳይጻፍና ሳይቀመጥ ግን በባለቤቱ ላይ የተዘጋ በር ይሆናል።

ያልገባንን ትእዛዝ ከሌላ ሰው ገልብጦ መጻፍ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ መፍቻው በደብተር ያልሰፈረ ቁልፍ በኮምፒዩተራችን ላይ አይዋል።