ነርስ መሆን ለፈለገችው የእህቴ ልጅ

የባዮሎጂ መምህርት ነሽ፤ ዲግሪሽን ይዘሽ በቀጥታ ነርሲንግ ማስተርስ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ዕድሜዬን በዋርድ የጨረስኩ አክስትሽ ነኝና ሳላባብልሽ ልንገርሽ።

1. እዚህ አገር አይቻልም። ባሕር ዳርም ሆነ ጎንደር፣ የነርሲንግ ማስተርስ የሚጠይቀው የነርሲንግ ዲግሪ ነው። «ፖስት ቤዚክ» የሚል ማስታወቂያ ብታዪም ለዲፕሎማ ነርሶች የወጣ ነው፣ እለፊው። ላንቺ ያለው ጄኔሪክ የሚባለው መደበኛው የነርሲንግ ዲግሪ ነው፤ 4 ዓመት፣ ትናንት ስታስተምሪያቸው ከነበሩ ልጆች ጋር። የግል ኮሌጅ ከመረጥሽ፣ ፕሮግራሙ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳታጣሪ ብር አትክፈይ።

2. «ለሐኪሞች ተፈቅዶ የለ?» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ በአራት ዓመት ተኩል ሐኪም እንዲሆኑ ያስተምር ነበር። ለነርስም ቢሆን ምን ነበረበት! የስኳር ሕመምተኛን ኢንሱሊን አወጋግ በማስረዳት መምህር ይበልጠናል።

3. ከመወሰንሽ በፊት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የታመመ ዘመድ ሲኖር አስታማሚ ሆነሽ እደሪ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተቅማጥ ያደረቀው ሕፃን ሲገባ ዱቲ ያለችውን ነርስ እጅ ተመልከቺ። ክንዱን በጎማ ታስራለች፣ በጣቷ ትዳብሳለች፣ ደም ሥሩ ይጠፋል፤ ወደ እግሩ ትወርዳለች፣ ከዚያም ወደ ጭንቅላቱ። እናቱ «ጉሉኮስ አድርጉለት!» እያለች ትጮሃለች፤ ከወዲያኛው አልጋ ሌላ ሰው ይጣራል። ጠዋት ርክክብ ላይ ይህ ሁሉ በወረቀት አንድ መስመር ነው። አይተሽ ደግሞ ከፈለግሽው፣ የምር ፈልገሽዋል ማለት ነው።

4. ዲግሪሽ ከንቱ አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ውስጥ ካላዛር የሚባለው በሽታ ሲቀሰቀስ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ትኩሳቱ የወባ መድኃኒት ተወስዶም አልለቅ አለ፤ ሰዉ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። አንቺ አስተላላፊውን የአሸዋ ዝንብና በሽታ አምጪውን ሊሽማንያን በሰሌዳ ላይ ስለሽ ያስተማርሽ ነሽ፤ «ትኩሳቱ ስንት ሳምንት ሆነው? ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይከብድሽም።

5. የምትፈልጊው ዓይነት ትምህርት ያለው ባሕር ማዶ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1974 በሌላ ሙያ የተመረቁትን ለነርሲንግ ማስተርስ መቀበል ጀመረ። በሌላ ሙያ ለተመረቁ የተዘጋጀው የነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አጭር መንገድ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ስታቲስቲክስ አስቀድመሽ ጨርሰሽ መግባት አለብሽ፤ ኮርሱ ዓመታት ከቆየ ድገሚ የሚሉም አሉ። ትምህርቱ ጥድፊያ ስለሆነ እየሠሩ መማር ይከብዳል። ዲቪ ደርሷቸው የሄዱ ብዙ ልጆቻችን በረዳት ነርስነት አረጋውያንን እየተንከባከቡ የጀመሩት ወደው አይደለም። መጨረሻ ላይ ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና አለ።

6. ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ ወይም የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ተማሪ የሚሉሽ ይኖራሉ። ጥሩ ሙያ ነው፣ የነርስ ፈቃድ ግን አያሰጥም።

7. ትራንስክሪፕትሽን ከዩኒቨርሲቲሽ አሁኑኑ አውጪ፤ ሲዘገይ ያንገላታል። የመግቢያ ደብዳቤ በእጅሽ እስኪገባ ድረስ ግን ለምታስተምሪበት ትምህርት ቤት መልቀቂያ እንዳታስገቢ።