8 ደቂቃ ተኩል

ሁለት የቤት መኪኖች ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ይጓዛሉ እንበል። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንደኛው ሹፌር በሰዓት 100፣ ሁለተኛው 120 ኪሎ ሜትር ይነዳል። የፈጠነው ምን አተረፈ? ምንስ ከፈለ?

በትርፉ እንጀምር። ርቀትን ለፍጥነት ስናካፍል ጊዜው በሰዓት ይወጣል፤ በ60 ስናባዛው ደቂቃ ይሆናል። 85 ሲካፈል ለ100፣ 0.85 ሰዓት ወይም 51 ደቂቃ ነው። 85 ሲካፈል ለ120 ደግሞ 42 ደቂቃ ተኩል ይመጣል። ትርፉ 8 ደቂቃ ተኩል ነው።

አሁን ወደ ክፍያው እንለፍ። አደጋ የሚደርሰው በሴኮንዶች ውስጥ ስለሆነ፣ መኪናው በአንድ ሴኮንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ማወቅ አለብን። አንድ ኪሎ ሜትር 1000 ሜትር፣ አንድ ሰዓት 3600 ሴኮንድ ነውና ፍጥነቱን ለ3.6 እናካፍላለን። 100 ወደ 27.8፣ 120 ወደ 33.3 ሜትር ይለወጣል።

ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሳሉ ከፊታቸው የቆመ የጭነት መኪና አዩ። ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ እንስጣቸው። በዚያች ሴኮንድ አንደኛው 27.8፣ ሁለተኛው 33.3 ሜትር ተጉዟል፤ ፍሬኑ ግን ገና አልተነካም።

ከዚያ በኋላ እስኪቆሙ ያለው ርቀት የሚገኘው የሴኮንዱን ፍጥነት በራሱ አባዝቶ ለ14 በማካፈል ነው። 14 ከየት መጣ? በደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ፍሬን በየሴኮንዱ ፍጥነቱን በ7 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ስሌቱ የዚህን እጥፍ ይወስዳል። ለመጀመሪያው 55፣ ለሁለተኛው 79 ሜትር ይመጣል። ድምሩ 83 እና 112 ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የጭነት መኪናው 85 ሜትር ላይ ቢሆን አንደኛው ለጥቂት ይተርፋል። ሁለተኛውስ? ጓደኛው የቆመበት 83ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ፣ እሱ ገና በሰዓት 73 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ብቻ ጨምሮ ሳለ ይህ የሆነው፣ ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ነው።

ዝናብ ከጣለ ወይም ጎማው ካለቀ 14 ወደ 8 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። የመጀመሪያውን ሹፌር ርቀት በ8 አስሉትና፣ እሱም ይተርፍ እንደሆነ እዩ።